ከመዝገብ የተፋቀ ቦታ

የተባይ መርዝ የነበረበት ቆርቆሮ እጃችሁ ገብቶ ያውቃል? ዕቃው ጠንካራ ነው፤ ክዳኑም ይገጥማል፤ ለውኃ መያዣ ያስመኛል። በአመድና በአሸዋ ፈትጋችሁ፣ ሦስት አራት ጊዜ አለቅልቃችሁ ፀሐይ ላይ ብትደፉት ሽታው ይጠፋል። ታዲያ ልጃችሁን ከዚያ ቆርቆሮ ውኃ ታጠጣላችሁ? አታጠጡም፤ ማጠጣትም የለባችሁም። «ታጥቧል» እና «ይጠጣበታል» የተለያዩ ቃላት መሆናቸውን ማንም ሳይነግራችሁ ታውቁታላችሁ።

እስቲ አሁን በቆርቆሮው ፈንታ አንድ ሙሉ ሰፈር አስቡ። ከሰፈሩ መሬት ሥር መርዝ ተቀብሯል። መንግሥት ቦታውን በአደገኛ ቦታዎች መዝገብ ላይ ጻፈው። ብዙ ዓመት ተሠራበት፤ ብዙ ገንዘብ ወጣበት። ከዚያ አንድ ቀን «ሥራው አልቋል፤ ስሙ ከመዝገብ ይፋቅ» ተባለ። ማነው እንዲህ የሚለው? በምን ማስረጃ? ከተፋቀ በኋላስ መርዙ የት ይሆናል? የዛሬው ንባባችን ስለዚህ ነው። ታሪኩ የተፈጸመው በአሜሪካ አገር፣ በኒውዮርክ ክፍለ ግዛት፣ ናያጋራ ፎልስ በሚባል ከተማ ነው። የቦታው ስም ላቭ ካናል ይባላል። በጽሑፉ ውስጥ ያሉት ዓመታትና ቀኖች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተጻፉ ስለሆነ ከእኛው ጋር እንዳታምታቱ።

ካናል ማለት በሰው እጅ የተቆፈረ የውኃ መንገድ ነው። ላቭ ደግሞ ቆፋሪውን ያመለክታል። በ1890ዎቹ ዓመታት ዊልያም ላቭ የሚባል ሰው ከናያጋራ ወንዝ ውኃ ጠልፎ የኤሌክትሪክ ኃይል ለማመንጨትና አዲስ ከተማ ለመሥራት ተነሣ። ገንዘቡ አለቀና ሥራው ተቋረጠ። የቀረው ርዝመቱ ወደ 1 ኪሎ ሜትር የሚጠጋ ጅምር ቦይ ብቻ ነበር። ውኃ ሞላበት፤ በበጋ ልጆች ይዋኙበት ነበር ይባላል።

ከ1942 እስከ 1953 ድረስ ሁከር የሚባል የኬሚካል ፋብሪካ ይህን ቦይ የዝቃጭ መጣያ አደረገው። ዝቃጭ ስንል ከፋብሪካ ሥራ የተረፈውን፣ ለምንም የማይፈለገውን ነገር ማለታችን ነው። የጠላ አተላ ለከብት ይሆናል፤ የዚህ ፋብሪካ አተላ ግን ለማንም የሚሆን አልነበረም። ለተባይ መግደያ ከሚሠራው ሊንዴን የተረፈ ነበረበት፤ በጣም ጥቂቱ እንኳ አደገኛ የሆነው ዳይኦክሲንም ነበረበት። መጠኑ ከ21,000 የአሜሪካ ቶን በላይ ነው፤ በእኛ ሚዛን ወደ 190,000 ኩንታል ይሆናል። አንድ የጭነት መኪና በአንድ ጊዜ 100 ኩንታል ቢጭን 1,900 ጊዜ መመላለስ አለበት ማለት ነው።

ፋብሪካው ቦዩ ሲሞላ አፈር መልሶ ሸፈነው። በ1953 ቦታውን ለከተማው የትምህርት ቦርድ በ1 ዶላር ሸጠው። በሽያጭ ውሉ ላይ ከሥሩ የኬሚካል ዝቃጭ መቀበሩ ተጽፏል፤ በዚህ ምክንያት ለሚደርስ ጉዳት ሁሉ ፋብሪካው ተጠያቂ እንዳይሆንም ተጽፏል። ፋብሪካው በኋላ «ቦርዱ በሕግ እንደሚወስደው አስፈራርቶን ነው የሸጥነው» ብሏል። ያም ሆነ ይህ፣ ውሉ ተፈረመ፤ ቦርዱም እዚያው ላይ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሠራ። በዙሪያውም ቤቶች ተሠሩ። ቤት የገዙት ሰዎች ግን ያንን ውል አላነበቡትም፤ ያሳያቸውም አልነበረም። እኔ እዚህ ላይ ስደርስ ሁልጊዜ ቆም እላለሁ። እነዚያ ሰዎች ማንበብ የሚችሉ ነበሩ እኮ! ማንበብ መቻል ብቻውን አልበቃቸውም። የሚነበበው ወረቀት እጃቸው መግባት ነበረበት።

ነገሩ ከ20 ዓመት በላይ እንዲህ ቆየ። ከዚያ ውኃው ሥራውን ሠራ። በአገራችን እህል በጉድጓድ የሚያኖር ገበሬ ይህን ለመረዳት አይቸገርም። ጉድጓዱ ከሥሩ ጠንካራ ሸክላ አፈር ቢሆን፣ ከላይ ግን ክዳኑ ቢሰነጠቅ፣ የክረምት ዝናብ ይገባል፤ መውጫ ስለሌለው ይጠራቀማል፤ እህሉ ይበሰብሳል፤ ሞልቶም በአፉ በኩል ይፈሳል። ላቭ ካናልም እንዲሁ ሆነ። የቦዩ ግድግዳ ሸክላ አፈር ነበር። ከላይ ያለው ሽፋን ግን ለመንገድና ለቧንቧ ሥራ ተቆፋፍሯል። በ1970ዎቹ አጋማሽ ብዙ ዝናብና በረዶ ወረደ። ውኃው ገባ፣ ከመርዙ ጋር ተቀላቀለ፣ ሞላ፣ ወደ ጎረቤት ቤቶች ምድር ቤት መስረግ ጀመረ። የዛጉ በርሜሎች ከመሬት ብቅ አሉ። ጓሮ ውስጥ ያሉ ዛፎች ደረቁ። የሚከረፋ ጥቁር ፈሳሽ በየቤቱ ግድግዳ ላይ ታየ።

በ1978 ሎይስ ጊብስ የምትባል አንዲት ወጣት እናት፣ ልጇ በዚያው ትምህርት ቤት እየተማረ በመታመሙ፣ ወረቀትና እርሳስ ይዛ ከደጅ ደጅ እየዞረች ፊርማ ማሰባሰብ ጀመረች። የተማረችው ሁለተኛ ደረጃ ብቻ ነው፤ የሳይንስ ሰው አልነበረችም። ፊርማ ልታስፈርም ስትገባ ግን የጎረቤቶቿን ሕመም ሁሉ ሰማች። የማን ሚስት አስወረዳት፣ የማን ልጅ አካሉ ጎድሎ ተወለደ፣ የማን ቤት ይሸታል፤ ሁሉንም ጻፈች። ነሐሴ 2 ቀን 1978 የክፍለ ግዛቱ የጤና ኮሚሽነር አደጋ መኖሩን አወጁ። ትምህርት ቤቱ እንዲዘጋ፣ ነፍሰ ጡሮችና ከ2 ዓመት በታች ያሉ ልጆች ከሰፈሩ እንዲወጡ ተባለ። ይህን የሰሙ ወላጆች «ታዲያ የ3 ዓመት ልጄስ?» ብለው ጮኹ። ጩኸታቸው ትክክል አይደለም ትላላችሁ? ከአምስት ቀን በኋላ ፕሬዚዳንት ጂሚ ካርተር የአስቸኳይ ጊዜ ውሳኔ ሰጡ። ለቦዩ ቅርብ የነበሩ 239 ቤተሰቦች ቤታቸው ተገዝቶ ወጡ። የቀሩት ግን ሁለት ዓመት ያህል በመርዙ ዳርቻ ሲከራከሩ ኖሩ። በግንቦት 1980 ተናደው ሁለት የመንግሥት ሠራተኞችን ለጥቂት ሰዓታት ከማኅበራቸው ቢሮ እንዳይወጡ አገቱ። ከሁለት ቀን በኋላ ሁለተኛው የአስቸኳይ ጊዜ ውሳኔ መጣ። በዚህም በብዙ መቶ የሚቆጠሩ ሌሎች ቤተሰቦች የመውጣት ዕድል አገኙ።

ይህ ነገር የአገሩን ሕግ አስለወጠ። ታኅሣሥ 11 ቀን 1980 ፕሬዚዳንት ካርተር አንድ አዲስ ሕግ ፈረሙ። ሕዝቡ «ሱፐርፈንድ» ይለዋል፤ ትልቅ ገንዘብ ማስቀመጫ እንደ ማለት ነው። ሐሳቡ ይኸው ነው፦ ያበላሸ ያጽዳ። አበላሺው ከጠፋ ወይም እንቢ ካለ ግን መንግሥት ከዚህ ገንዘብ አውጥቶ ያጽዳ፤ ወጪውንም ከአበላሺው በፍርድ ቤት ይጠይቅ። ገንዘቡ በመጀመሪያ የተሰበሰበው በአብዛኛው ከኬሚካልና ከነዳጅ ዘይት ኩባንያዎች ከተወሰደ ቀረጥ ነው። ቀረጡ በ1995 ጊዜው አልፎበት ቆመና ለረጅም ዓመታት ሸክሙ ከአጠቃላዩ ሕዝብ ግብር ላይ ወደቀ። በ2021 በወጣ ሕግ በኬሚካሎች ላይ፣ በ2022 በወጣ ሌላ ሕግ ደግሞ በነዳጅ ዘይት ላይ ቀረጡ ተመለሰ።

መርዛማው ቦታ በአገሩ ሞልቷል። የቱ ይቅደም? ለዚህ ነው የቅድሚያ መዝገብ የተዘጋጀው። የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት እያንዳንዱን ቦታ ይመረምርና ከ100 ነጥብ ይሰጠዋል። መርዙ ምን ዓይነት ነው? ምን ያህል ነው? በከርሰ ምድር ውኃ፣ በወንዝ፣ በአፈር ወይም በአየር በኩል ሰው ጋ ይደርሳል ወይ? በአቅራቢያው ስንት ሰው ይኖራል? 28.5 ነጥብና ከዚያ በላይ ያገኘ ቦታ በመዝገቡ ላይ ሊጻፍ ይችላል። የመጀመሪያው መዝገብ በመስከረም 1983 ሲወጣ 406 ቦታዎች ነበሩበት። ላቭ ካናልም አንዱ ነበር።

አሁን ወደ ጽዳቱ እንምጣ። በአንድ የማታ ንባብ ላይ ይህን ታሪክ ሳወራ፣ ከኋላ ተቀምጠው ነጠላቸውን የተከናነቡ አንዲት እናት «ልጄ፣ እሺ አጸዱት እንበል፤ መርዙን ግን የት ወሰዱት?» ብለው ጠየቁኝ። እኔ ደግሞ ማጽዳት ማለት አውጥቶ መጣል ነው ብዬ ስለማስብ ለዚህ ጥያቄ አልተዘጋጀሁም ነበር። ዩኒቨርሲቲ ገብቶ መማር እንዲህ ያለውን ጥያቄ አስቀድሞ አያስጠይቅም። በኋላ ሳነብ ያገኘሁት መልስ አስደነገጠኝ፦ አልወሰዱትም። መርዙ አብዛኛው እዚያው ነው።

ለምን አላወጡትም? ቆፍሮ ማውጣቱ ራሱ አደጋ አለው። የበሰበሰ በርሜል ሲነካ ይፈነዳል፤ ጋዙ ይተናል፤ ያን የሚያክል መርዝ በመኪና ጭኖ በከተማ መካከል ማለፍም፣ የሚቀበል ሌላ ቦታ ማግኘትም ቀላል አይደለም። ስለዚህ የተመረጠው መንገድ ባለበት ማሰር ሆነ።

እንዴት ታሰረ? ገበሬ የሆናችሁ ቶሎ ትረዱታላችሁ። ማሳችሁ ውኃ ሲተኛበት ፈሰስ ታወጡለት የለም? ውኃው በፈሰሱ ተመርቶ ይወጣል፤ ሰብሉ ይተርፋል። በላቭ ካናልም ከአሮጌው ቦይ ዙሪያ ጥልቅ ፈሰስ ተቆፈረ። በውስጡ ቀዳዳ ያላቸው ቧንቧዎች ተቀበሩ። ከመርዙ ወደ ውጭ ሊሰርግ የሚሞክር ውኃ ሁሉ እዚህ ፈሰስ ውስጥ ይወድቃል፤ በፓምፕ ተስቦ እዚያው ወደ ተሠራ ማጣሪያ ይሄዳል። ማጣሪያው ውስጥ ለዚህ ተብሎ የተዘጋጀ ከሰል አለ። ከሰሉ መርዙን እየያዘ ያስቀራል፤ የተጣራው ውኃ ወደ ከተማው የቆሻሻ ውኃ መስመር ይለቀቃል። ከሰሉ መርዝ ሲጠግብ ይለወጣል።

ከላይ ደግሞ ክዳን ተደረገለት። መጀመሪያ ሸክላ አፈር፣ በኋላም የዝናብ ውኃ የማያሳልፍ ሰው ሠራሽ ምንጣፍ፣ በዚያ ላይ አፈርና ሣር። ለቦዩ ቅርብ የነበሩት ቤቶችና ትምህርት ቤቱ ፈረሱ። ዙሪያው በሽቦ አጥር ታጠረ። የታጠረው ቦታ ወደ 70 ኤከር፣ ማለት ወደ 28 ሄክታር ነው፤ በድሮው አለካክ አንድ ጋሻ አይሞላም። መርዝ ገብቶባቸው የነበሩ የቆሻሻ ውኃ ቧንቧዎችና ጅረቶች ተጠርገው ደለሉ ወደ ሌላ ቦታ ተወሰደ። ከአጥሩ ውጭም ብዙ የመመርመሪያ ጉድጓዶች ተቆፈሩ። ሰው አይጠጣባቸውም። ውኃቸው እየተቀዳ የሚመረመረው መርዙ አምልጦ እንደሆነ ለማወቅ ነው።

ይህ ሁሉ 21 ዓመት ፈጀ፤ ወጪውም ወደ 400 ሚሊዮን ዶላር ተጠጋ። ሁከርን ቀደም ብሎ በ1968 የገዛው ኦክሲደንታል የሚባለው ኩባንያ ከረጅም ክርክር በኋላ በ1994 ለኒውዮርክ ክፍለ ግዛት 98 ሚሊዮን፣ በ1995 ደግሞ ለፌዴራሉ መንግሥት 129 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማማ። የፈሰሱንና የማጣሪያውን ሥራም ተረከበ። በዚህ መካከል፣ ከ1990 ጀምሮ፣ ከአጥሩ በስተሰሜንና በስተምዕራብ ያሉ ባዶ ቤቶች እየታደሱ ከገበያ ዋጋ በታች ተሸጡ፤ ከ200 በላይ ቤተሰቦች ገቡባቸው። ሰፈሩም ብላክ ክሪክ ቪሌጅ የሚል አዲስ ስም ወጣለት። ሎይስ ጊብስን ጨምሮ የቀድሞ ነዋሪዎች ሰው ተመልሶ መግባቱን ተቃውመው ነበር። በስተምሥራቅ ያለው ክፍል ለመኖሪያ አይሆንም ተብሎ ለንግድና ለኢንዱስትሪ ብቻ ተፈቀደ።

ወደ ዋናው ጉዳይ ደረስን። አንድ ቦታ ከመዝገብ የሚፋቀው እንዴት ነው?

መሥሪያ ቤቱ በራሱ ፈቃድ ተነሥቶ ስም መሰረዝ አይችልም። መጀመሪያ የሚያስፈልገው የጽዳት እርምጃ ሁሉ መፈጸሙን ማሳየት አለበት፤ ወይም ምርመራው ከመጀመሪያው ጽዳት የሚያስፈልግ ጉልህ አደጋ የለም ያለ እንደሆነ ይህን ማሳየት አለበት። ሁለተኛ፣ ቦታው ያለበት ክፍለ ግዛት መስማማት አለበት። የኒውዮርክ መንግሥት እንቢ ቢል ኖሮ ስሙ እዚያው ይቀር ነበር። ሦስተኛው ደግሞ ለእኔ ከሁሉ የሚበልጠው ነው፦ ሕዝቡ መስማት አለበት። «ይህን ቦታ ከመዝገብ ለማውጣት አስበናል» የሚል ማስታወቂያ፣ እንደ እኛ ነጋሪት ጋዜጣ ባለው የመንግሥት ጋዜጣ ላይ ይታተማል። ይህ ብቻ አይበቃም፤ የመንግሥቱን ጋዜጣ ማን ያነበዋል? ስለዚህ የአካባቢው ሰው በሚያነበው የከተማ ጋዜጣ ላይም ይወጣል። የምርመራው ውጤትና የሥራው ታሪክ ማንም ገብቶ ሊያነበው በሚችልበት ቦታ፣ ብዙውን ጊዜ በሰፈሩ ቤተ መጻሕፍት ይቀመጣል። ከዚያ ቢያንስ 30 ቀን ይጠበቃል። በነዚህ ቀኖች የፈለገ ሰው ሐሳቡን፣ ተቃውሞውን፣ ጥያቄውን ጽፎ ማቅረብ ይችላል። መሥሪያ ቤቱም ለቀረቡት ዋና ዋና አስተያየቶች በጽሑፍ መልስ መስጠት ግዴታው ነው። «አንብበነዋል፤ እናመሰግናለን» ብሎ ማለፍ አይቻልም።

ላቭ ካናል በዚህ መንገድ አለፈ። በ2004 መጀመሪያ ወራት የመሰረዙ ሐሳብ ተገለጸ፤ አስተያየት ተሰበሰበ፤ መስከረም 30 ቀን 2004 ስሙ ከመዝገቡ ወጣ። ሕጉን ያስወለደው ቦታ በራሱ በሕጉ መንገድ ተሰናበተ። ዛሬ በመዝገቡ ላይ ከ1,300 በላይ ቦታዎች አሉ፤ ባለፉት ዓመታት የተፋቁት ደግሞ ከ450 ይበልጣሉ።

መንግሥት ስም ለመፋቅ የሚጓጓበት ምክንያት ግልጽ ነው። የተጀመረ ሥራ ማለቁን ማሳየት ማንም ይፈልጋል። ነዋሪውም ቢሆን ሊፈልገው ይችላል። ሰፈሩ በመዝገብ ላይ እስካለ ድረስ ቤቱን የሚገዛው አያገኝም፤ ባንክ ለማበደር ያንገራግራል፤ ልጁ የት ነህ ሲባል ስሙን ለመጥራት ያፍራል። እንዲህ ያለውን ሰው «ለምን ይፋቅ አልክ?» ብሎ መውቀስ አይገባም። ነገር ግን ተፋቀ ሲባል የሚሰማው ሰው ምን እንደሚረዳ ማሰብ ያስፈልጋል። እኔ ራሴ መጀመሪያ የተረዳሁት «መርዙ ጠፋ» ብዬ ነው።

በሕጉ ቋንቋ የመፋቅ ትርጉም ከዚህ በጣም ይጠብባል። በቅድሚያ መዝገቡ መሠረት ሊሠራ የሚገባው ሌላ የጽዳት ሥራ የለም ማለት ብቻ ነው። ጥበቃው አይቆምም። መርዝ ከመሬት ሥር እስከቀረ ድረስ ቢያንስ በየ5 ዓመቱ ምርመራ ይደረጋል፤ ክዳኑ አልተሰነጠቀም ወይ፣ ፓምፑ ይሠራል ወይ፣ የጉድጓዶቹ ውኃ ምን ይላል ተብሎ ሪፖርት ይጻፋል። አበላሺው ኩባንያም ስሙ ስለተፋቀ ከኃላፊነቱ ነጻ አይወጣም። አደጋው ተመልሶ ከታየ ቦታው እንደገና በመዝገቡ ላይ ሊጻፍ ይችላል፤ ነጥቡን ከአዲስ መቁጠር እንኳ አያስፈልግም። በመሬቱ ላይ የተጣለው ክልከላም ይቀጥላል፦ በአጥሩ ውስጥ አይቆፈርም፣ ቤት አይሠራም።

ይህ ክርክር የወረቀት ብቻ እንዳይመስላችሁ። ላቭ ካናል ከተፋቀ ከ6 ዓመት በኋላ፣ በ2011 መጀመሪያ ላይ፣ ከአጥሩ ውጭ በአንድ መንገድ ሥር የቆሻሻ ውኃ ቧንቧ ሲጠግኑ የነበሩ ሠራተኞች መርዝ የተቀላቀለበት ደለል አገኙ። ሽታው ከፋ። ከ2012 ጀምሮ በአካባቢው የሚኖሩ ቤተሰቦች፣ ሰፈሩ ንጹሕ ነው ተብለው የገቡ ጭምር፣ ታመምን ብለው ኩባንያውንና ከተማውን ጨምሮ ብዙ ተከሳሾችን ፍርድ ቤት አቆሙ። የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች በበኩላቸው «ይህ ከድሮው ጊዜ በቧንቧ ውስጥ የቀረ ትራፊ ነው እንጂ ፈሰሱና ክዳኑ ሥራቸውን እየሠሩ ናቸው» አሉ። ስለ ፈሰሱ ያሉት እውነት ሊሆን ይችላል። ነገር ግን ምድር ቤቱ የሚሸተው ሰው መርዙ አዲስ ይሁን አሮጌ ምን ቸገረው? «ቧንቧዎቹ ተጠርገዋል» ተብሎ አልነበረም ወይ? መሰረዙን የተቃወሙት ሰዎች የፈሩት እንዲህ ያለውን ነበር።

ሁሉም ቦታ ግን እንደ ላቭ ካናል አይደለም። በሚዙሪ ክፍለ ግዛት ታይምስ ቢች የምትባል ትንሽ ከተማ ነበረች፤ ሕዝቧ ከ2,000 ብዙም አይበልጥም። መንገዶቿ አስፋልት ስላልነበራቸው አቧራው ሰዉን አስቸገረ። በ1970ዎቹ መጀመሪያ አንድ ሥራ ተቋራጭ አቧራውን እንዲያስተኛ ተቀጠረና አሮጌ የሞተር ዘይት በየመንገዱ ረጨ። ዘይቱ ከአንድ የኬሚካል ፋብሪካ ዝቃጭ ጋር ተደባልቆ ነበር፤ ዳይኦክሲን ነበረበት። አቧራ ለማጥፋት መርዝ ረጩ ማለት ነው፤ ማንም ሳያውቀው። በ1982 መጨረሻ ምርመራው ሲወጣ ከተማዋ በዚያው ሰሞን በጎርፍ ተጥለቅልቃ ነበር። በ1983 መንግሥት ከተማዋን ከነቤቷ ገዝቶ ሕዝቡን አስወጣ። እዚህ ላይ የተመረጠው መንገድ ሌላ ነው፦ መርዝ የነካውን አፈር አፍሰው፣ እዚያው ትልቅ ምድጃ ሠርተው በ1996 እና በ1997 አቃጠሉት። የተቃጠለው አፈርና ሌላ ነገር 265,000 የአሜሪካ ቶን ያህል ነበር። በ1999 ቦታው የሕዝብ መናፈሻ ሆነ፤ በ2001 ከመዝገቡ ተፋቀ። የፈረሱት ቤቶች ፍርስራሽ አንድ ላይ ተቆልሎ አፈር ለብሶ፣ ሣር በቅሎበት ዛሬም በመናፈሻው ውስጥ እንደ ጉብታ ይታያል። ሰው በአጠገቡ ብስክሌት ይነዳል።

ሁለቱም ቦታዎች በአንድ ቃል «ተፋቁ» ተብለዋል። በአንዱ መርዙ ተቃጥሏል፤ በሌላው ታስሮ ተቀምጧል። መዝገቡን ብቻ ያየ ሰው ይህን ልዩነት ሊያውቀው አይችልም።

ያንን ጥያቄ ለጠየቁኝ እናት ከጥቂት ቀን በኋላ መልሱን ይዤ ሄድኩ። «እማማ፣ አልወሰዱትም፤ እዚያው ቀብረው፣ ዙሪያውን ፈሰስ አውጥተው፣ አጥረውት ነው ያሉት» አልኳቸው። ጥቂት ዝም አሉና «ፓምፑን የሚያንቀሳቅሰው ማነው?» አሉ። ኩባንያው ነው፤ መንግሥት ይቆጣጠረዋል አልኳቸው። «እስከ መቼ?» አሉ። ለዚህ ሕጉ የዓመት ቁጥር አላስቀመጠም፤ መርዙ እዚያ እስካለ ድረስ ነው የሚለው። ይህንኑ ነገርኳቸው። «እንግዲያ ያ ሰው ልጅ ይኑረው» ብለው ወደ እንዝርታቸው ተመለሱ።

በሚቀጥለው ስንገናኝ በነዚህ ላይ እንወያያለን። የላቭ ካናልን ቤቶች የገዙት ሰዎች የሽያጭ ውሉን የማየት መብት ነበራቸው ትላላችሁ? የማሳየቱስ ግዴታ የማን ነበር፦ የፋብሪካው፣ የትምህርት ቦርዱ ወይስ የከተማው? በ2004 እዚያ ነዋሪ ብትሆኑና 30 ቀን ቢሰጣችሁ፣ መሥሪያ ቤቱን በጽሑፍ ምን ትጠይቁት ነበር? ጥያቄያችሁን በአንድ ወረቀት ላይ ጽፋችሁ አምጡ፤ ከአምስት መስመር ባይበልጥ ይመረጣል።